ቆሞ የሚወድቅ ሞተር፦ አዲስ አድቬንቸር እንዴት ይገዛል፣ እንዴትስ ይለመዳል

ሞተሬን የጣልኩት ስበር አይደለም። ልቆም ስል ነው። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፣ አንድ የሐበሻ ግሮሰሪ በር ላይ፣ ቅዳሜ ከሰዓት። ፓርኪንግ ልይዝ መሪውን ወደ ግራ እንዳዞርኩ አንድ መኪና ወደ ኋላ ሲወጣ አየሁና የፊት ፍሬኑን ጨበጥኩ። አለቀ። 196 ኪሎው ሞተር እንደደከመው በሬ ቀስ ብሎ ተጋደመ፤ እኔም አብሬው። እንጀራ ገዝተው የሚወጡ እናት ፌስታላቸውን እንደያዙ "በስመ አብ! ልጄን! ተረፍክ?" አሉኝ። እኔ ተርፌያለሁ። የፍሪሲዮን እጀታው ግን ተጣሟል። ሞተሩ ከተገዛ ገና ሦስተኛ ቀኑ ነበር።

አድቬንቸር የሚባለው ለአስፋልቱም ለጠጠሩም የሚሆን ረጅም ሞተር ነው። ጣጣው በሰዓት 60 ማይል ላይ አይደለም። 3 ማይል ላይ ነው። ሞተሩ ረጅም ነው፤ ክብደቱም ወደ ላይ ነው። ሲሄድ እንደ ላባ ይቀላል። ሊቆም ሲል ግን ጠባዩን ያወጣል። ስለዚህ እዚህ ጽሑፍ ላይ ስለ ፍጥነት ብዙ አታገኙም።

1. መንጃ ፈቃድ

ቨርጂኒያ ውስጥ ሞተር ለመንዳት መንጃ ፈቃዳችሁ ላይ ኤም የሚባለው ክላስ መጨመር አለበት። አንዱ መንገድ ዲኤምቪ (መንጃ ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት) ሄዶ መፈተን ነው። ሌላው በስቴቱ የታወቀውን የሞተር ኮርስ ወስዶ ማለፍ ነው፤ ካለፋችሁ ዲኤምቪ የጽሑፉንም የመንዳቱንም ፈተና ያልፍላችኋል። ሁለተኛውን ምረጡ። "ጓደኛዬ ያሳየኛል" የሚለውን ተዉት። ጓደኛችሁ የሚያሳያችሁ የራሱን መጥፎ ልማድ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ። ኮርሱ ላይ የሚሰጣችሁ ሞተር ትንሽና ዝቅ ያለ ነው። ሁለት እግራችሁን መሬት ላይ ዘርግታችሁ ነው የምትማሩት። እኔ አልፌ ስወጣ ሞተር መንዳት የቻልኩ መስሎኝ ነበር። የቻልኩት ያንን ሞተር ነው።

2. የትኛውን?

ልጅ ሆኜ የወረዳችን የግብርና ባለሙያ በያማሃ አቧራውን እያስነሳ ሲያልፍ ከኋላው እንሮጥ ነበር። አድቬንቸር ሞተር ሳይ ልቤ የሚመታው ከዚያ የተነሳ ይመስለኛል። የሰውዬው ሞተር ግን ቀጭንና ቀላል ነበር። ዛሬ ሱቅ ውስጥ የሚያብረቀርቁት ሌላ ፍጥረት ናቸው።

ሁሉም ሰው ፎቶውን ስልኩ ላይ የሚያስቀምጠው ቢኤምደብሊው አር 1250 ጂኤስ ወደ 249 ኪሎ ይመዝናል። ያማሃ ቴኔሬ 700 ቀለል ይላል፤ መቀመጫው ግን ከመሬት 87.5 ሴንቲ ሜትር ነው። እኔ 1.68 ነኝ። እሱ ላይ ስቀመጥ በጣቶቼ ጫፍ የምጨፍር ነበር የምመስለው። ሮያል ኤንፊልድ ሂማላያን (አዲሱ ባለ 452 ሲሲ፤ ሲሲ የሲሊንደሩ ይዘት መለኪያ ነው) መቀመጫው 82.5 ነው። የኔው ሆንዳ ኤንኤክስ 500 ደግሞ 83 ገደማ ነው፤ 471 ሲሲ፣ ሁለት ሲሊንደር። ለመጀመሪያ ሞተር ከ500 ሲሲ በላይ አትሂዱ ባይ ነኝ። የሚስቁባችሁ ይስቁ።

ጠጠር መንገድ በብዛት የሚያምራችሁ ከሆነ የፊት ጎማው 21 ኢንች የሆነውን ፈልጉ፤ ሂማላያንና ቴኔሬ እንደዚያ ናቸው። አብዛኛው ጉዟችሁ አስፋልት ከሆነ 19 ይበቃል፤ ኩርባ ላይም ቶሎ ይታዘዛል።

አሁን ወደ ዋናው። ሱቅ ስትሄዱ በስኒከር አትሂዱ። የምትነዱበትን ቦት ጫማ አድርጉ፤ ሶሉ ብቻውን ሁለት ሴንቲ ሊጨምርላችሁ ይችላል። ተቀመጡበትና ከጎን መቆሚያው ላይ አንስታችሁ ቀጥ አድርጉት። ወረቀቱ ላይ ያለውን ቁመት ብቻ አትመኑ። መቀመጫው ሰፊ ከሆነ እግራችሁን ወደ ጎን ይከፍትና ቁመታችሁን ይበላል። ጠባብ ከሆነ ረጅሙም ይደረስበታል። ሁለቱም ተረከዝ መሬት ባይነካ ችግር የለም። የሁለቱም እግር የፊት መዳፍ ከነካ ጥሩ ነው። እሱም ካልሆነ ወገባችሁን ትንሽ ወደ ግራ አንሸራቱና ግራ እግራችሁን ሙሉ በሙሉ አውርዱ፤ ቀኙ የኋላ ፍሬን ላይ ይቀመጥ። ብዙ አጭር ሰው ዕድሜ ልኩን የሚነዳው እንዲህ ነው።

ከዚያ ውረዱና ከጎኑ ቆማችሁ ወደ ኋላ ግፉት። አዎ፣ ሱቁ ውስጥ። ሻጩ ፊቱን ያጠቁራል፤ ያጥቁር። ከተደረደሩት ሞተሮች መሀል አውጥታችሁ መመለስ ካቃታችሁ፣ ያ ሞተር ቤታችሁ በር ላይም ያቅታችኋል። እኔ ይህን አላደረግኩም። መቀመጫው ላይ ወጣሁ፣ በመስታወት ራሴን አየሁ፣ ፈረምኩ።

"ሞላውን ዝቅ ማስደረግ ይቻላል" ይሏችኋል። ይቻላል። ግን ዝቅ ሲል የጎን መቆሚያው ይረዝምበትና ሞተሩ ሲቆም ሽቅብ ይገተራል፤ በትንሽ ግፊት በቀኝ በኩል ይወድቃል። መቆሚያውንም አብራችሁ ካላሳጠራችሁ አትጀምሩት።

3. ዋጋና ዕቃ

ማስታወቂያው ላይ ያለው ዋጋ የሞተሩ ዋጋ አይደለም። ማጓጓዣ አለ፣ መገጣጠሚያ አለ፣ የወረቀት ሥራ አለ፣ ታክስና ታርጋ አለ። አንድ ሱቅ በስልክ የነገረኝና ጠረጴዛ ላይ ያቀረበልኝ ዋጋ መሀል አንድ ሺህ ዶላር የሚጠጋ ልዩነት ነበር። ወረቀቱ ላይ "ቅድመ ዝግጅት" የሚል መስመር አለ። ምን እንዳዘጋጁ ስጠይቅ "ባትሪውን ቻርጅ አድርገናል" አሉኝ። ተነስቼ ወጣሁ። እናንተ ከቤት ሳትወጡ "አውት ዘ ዶር (ሁሉም ተጨምሮ) ስንት ነው?" ብላችሁ በኢሜይል አስጽፉ፤ በአፍ የተባለ አይቆጠርም። ለሁለት ለሦስት ሱቅ ላኩት። ኢንሹራንሱንም ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ።

ከዚያ በጀታችሁ ላይ ዕቃ ጨምሩ። ሄልሜት በቨርጂኒያ ግዴታ ነው፤ የዓይን መከላከያም እንደዚያው። ጃኬት፣ ጓንት፣ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ቦት። ጓንቱ ላይ አትሰስቱ፤ ሰው ሲወድቅ መጀመሪያ የሚዘረጋው እጁን ነው።

ለሞተሩ ደግሞ ከሁሉ በፊት ሲወድቅ ጎኑን የሚጠብቅ የመውደቂያ ብረትና መሪው ላይ የሚታሰር የእጅ መከላከያ አስገጥሙ። ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚገዛው የጎን ሳጥን ነው፤ ፎቶ ላይ ያምራላ። ሳጥን ግን ሞተሩን ያሰፋዋል፣ ያከብደዋል፣ ሲወድቅም እግር ይይዛል። እስክትለምዱ ቢቆይ ምን ይጎድላል? እኔ የእጅ መከላከያ ኖሮኝ ቢሆን እጀታዬ ባልተጣመመ።

4. የመጀመሪያዎቹ ቀናት

አዲስ ጎማ ያንሸራትታል። ለመጀመሪያዎቹ 100 ማይሎች ኩርባ ላይ ብዙ አትዘንበሉ፣ ፍሬንም ድንገት አትያዙ። ሞተሩንም እስኪሟሽ አታስጩኹት፤ አንድ ፍጥነት ላይ ለረጅም ጊዜም አታቆዩት። በአብዛኛው 600 ማይል ሲሞላ የመጀመሪያው ሰርቪስ ነው። ዘይት የሚቀየረውም ያኔ ነው፤ አትዝለሉት።

5. ባዶ ፓርኪንግ

ዋናው ሥራ እዚህ ነው። እሁድ ማለዳ፣ ቢሮዎች የተዘጉበት ሰፊ ፓርኪንግ ፈልጉ። እኔ ሦስት እሁድ ፈጅቶብኛል።

በፍሪሲዮን ጀምሩ። መጀመሪያ ማርሽ አስገቡና ነዳጅ ሳትሰጡ እጀታውን በጣም ቀስ ብላችሁ ልቀቁ። አንድ ቦታ ላይ ሞተሩ ድምፁን ወፈር ያደርጋል፤ ከሥራችሁም ትንሽ ይገፋል። እዚያ ላይ አቁሙ። ያቺ ቦታ ስፋቷ የጣት ውፍረት ነው። ቀርፋፋ ጉዞ በሙሉ የሚካሄደው እሷ ውስጥ ነው። ሳትለቁም ሳትጨብጡም እዚያው እያወዛወዛችሁ አንድ የመኪና ማቆሚያ መስመር ያህል ሂዱ፣ ቁሙ። ደግሙ። እጃችሁ እስኪዝል ደጋግሙ፤ መዛሉ አይቀርም።

ቀጥሎ የኋላውን ፍሬን ጨምሩበት። ትንሽ ነዳጅ፣ ፍሪሲዮኑ ያቺ ቦታ ላይ፣ ቀኝ እግር የኋላ ፍሬኑን በስሱ እየተጫነ። መጀመሪያ ሲሰሙት ግራ ያጋባል፤ እየነዱ እንዴት ፍሬን ይያዛል? ስትሞክሩት ግን ሞተሩ ከላይና ከታች እንደተወጠረ ገመድ ቀጥ ይላል። በእግረኛ ፍጥነት ወዲያ ወዲህ ማለቱን ይተዋል። እኔ ይህ የገባኝ ቀን ብቻዬን ሄልሜቴ ውስጥ ስቄያለሁ።

ከዚያ ወደ ኋላ መዞር ነው። እዚህ ላይ የሚጥለን ዓይናችን ነው። የፊት ጎማውን ስታዩ ወደ ፊት ጎማው ትወድቃላችሁ። አገጫችሁን ትከሻችሁ ላይ አድርሳችሁ ልትሄዱበት ወደፈለጋችሁት ቦታ፣ ማለትም ወደ ኋላ፣ እዩ። ሞተሩን አዘንብሉት፤ እናንተ ግን ወደ ውጪው በኩል ተቀመጡ። በሁለት የመኪና ማቆሚያ ስፋት ውስጥ መዞር እስክትችሉ ቀጥሉ። ቀኝ ዙር ከግራው ይከብዳል። ለብዙ ሰው ነው፤ አይክፋችሁ።

አሁን የኔን ጥፋት ላስረዳ። መሪው ታጥፎ ሳለ የፊት ፍሬን ስትይዙ፣ የሞተሩ ክብደት በሙሉ ወደታጠፈው ጎን ይወረወራል። በዚህ ቁመት፣ በዚህ ክብደት፣ አንዴ ከተነሳ በእግር አይመለስም። እንግዲህ ሕጉ፦ ልትቆሙ ስትሉ መሪው ቀጥ ይበል። በቀርፋፋ ዙር ላይ ከሆናችሁ የፊት ፍሬኑን እርሱት፣ በኋላው ቁሙ። እኔ አራቱን ጣቶቼን የፊት ፍሬኑ ላይ አስቀምጬ የመሄድ ልማድ ነበረኝ። ልማዱን ለመተው ፓርኪንጉ ውስጥ የመሪውን መያዣ ብቻ ጨብጬ ስዞር ዋልኩ።

መውደቁ አይቀሬ ከሆነ ደግሞ ልቀቁት። እግራችሁን ከሥሩ አውጡና ይውደቅ። ብረት ይገዛል።

6. ማንሳት

መጀመሪያ ሞተሩን አጥፉ፤ ቤንዚን የሚፈስ ከሆነ እዩ። ወደ ቀኝ ከወደቀ የጎን መቆሚያውን አስቀድማችሁ ክፈቱ፤ አለበለዚያ አንስታችሁት በወዲያኛው በኩል ትጥሉታላችሁ። እንዳይንከባለል ማርሽ ውስጥ ይሁን። መሪውን ሙሉ በሙሉ ወደወደቀበት ጎን አዙሩ። ከዚያ ጀርባችሁን ስጡትና ዳሌያችሁን መቀመጫው ላይ አስደግፉ። በአንድ እጅ የመሪውን ጫፍ፣ በሌላው ከኋላ ያለ ጠንካራ ብረት ያዙ። ወገባችሁ ቀጥ ይበል። በእግር እየገፋችሁ በትንንሽ እርምጃ ወደ ኋላ ሂዱ። እኔ ያን ቀን ፊቴን አዙሬ በጉልበት ልጎትተው ስታገል ሁለት ወንድሞች ከግሮሰሪው ወጥተው አነሱልኝ። ወገቤ ግን ሳምንት ሙሉ አልረሳውም።

7. መውጣት

ሰፈር ውስጥ ከለመዳችሁ በኋላ የመጀመሪያ ረጅም ጉዟችሁን ስካይላይን ድራይቭ በሚባለው የተራራ መንገድ አድርጉት። ከፍሮንት ሮያል ይጀምራል፤ 105 ማይል ነው። የፍጥነት ገደቡ በሰዓት 35 ማይል ስለሆነ ከኋላ የሚያጣድፋችሁ የለም። ኩርባውም በላይ በላዩ ነው፤ ትማሩበታላችሁ። አጋዘን ግን ድንገት ዘው ይላል፤ በተለይ ወደ ምሽቱ። በአይ 66 አውራ ጎዳና ስትሄዱ የከባድ መኪና ነፋስ ይገፋችኋል። እጃችሁን አታድርቁ፣ በጉልበታችሁ የሞተሩን የቤንዚን ታንከር ያዙ።

ጠጠሩን በጆርጅ ዋሽንግተን ደን መንገዶች ሞክሩት፤ ብቻችሁን አትሂዱ። ተነስታችሁ ቁሙ፣ ጉልበታችሁን አጠፍ፣ እጃችሁን ላላ አድርጉ። ሞተሩ ከሥራችሁ ይወዛወዛል። ተዉት ይወዛወዝ። እናንተ ሩቅ እዩ።

ስትደርሱ ደግሞ የት እንደምታቆሙ አስቡ። አፍንጫውን ወደ ቁልቁለት አድርጋችሁ ግድግዳ ሥር ካቆማችሁት፣ ሽቅብ ወደ ኋላ ገፍታችሁ ማውጣት አትችሉም። አንድ የዕይታ ቦታ ላይ እንዲህ አድርጌ ከቴክሳስ የመጡ ባልና ሚስት ናቸው ጎትተው ያወጡኝ። አሁን ወደዚያ ግሮሰሪም ስሄድ ጥግ ላይ፣ አፍንጫውን ወደ መውጫው አዙሬ ነው የማቆመው። ትንሽ ስለሚርቅ ጤፉን ተሸክሞ መሄድ አለ።