ለእንግዳ የተቀመጠውን ለራስ ማውጣት፦ በተራ ቀን ቅንጦት እንዴት ይገኛል?

ብዙ ቤት ውስጥ ቡፌው ሙሉ ነው። ጠርዛቸው ወርቃማ የሆነ ስኒዎች፣ አበባ ያለባቸው ሳህኖች፣ ለዓመት በዓል ብቻ የሚወጡ ብርጭቆዎች። የቤቱ ሰዎች ግን ሻይ የሚጠጡት እጀታው በተሰበረ ኩባያ ነው። አዲሱ አንሶላ ቁም ሳጥን ውስጥ ታጥፎ እንግዳ ይጠብቃል። ጥሩው ጋቢም እንደዚያው። እንግዳ አክባሪነታችንን እወደዋለሁ፤ እንዲቀርም አልፈልግም። ግን ቤቱን ያቆመው፣ ሲለፋ የዋለው ሰው ከዚያ ክብር ትንሽ ይድረሰው ነው የምለው።

ኑሮ ተወዷል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው አብዛኛው ነገር ገንዘብ አይጠይቅም። እቤት ያለውን ይዘን እንጀምር።

1. ሰዓቱን ያዙ

ቀኑን ሙሉ ለማሳመር አትነሱ፤ አይሳካም። በሳምንት አንድ ሰዓት ይበቃል። ልጆች ሳይነሱ እሑድ ጠዋት ሊሆን ይችላል። ከሥራ መልስም ይሆናል። እኔ ማክሰኞ ማታን እመርጣለሁ፤ ምንም የማይከበርበት ቀን ስለሆነ። ሰዓቱን ለቤት ሰው አስቀድማችሁ ንገሩ። ስልካችሁን ሌላ ክፍል ውስጥ ቻርጅ ላይ ሰኩት። ድምፁን መዝጋት ብቻ አይበቃም፤ አጠገባችን እስካለ ድረስ እጃችን አያርፍም።

2. ከተቀመጠው አንድ ነገር አውጡ

ሁሉንም አታውጡ። ሁለት ስኒና አንድ ሳህን ይበቃል። አቧራውን እጠቡ፣ በንጹህ ጨርቅ አድርቁ።

"ቢሰበርስ?" የሚል ይኖራል። ሊሰበር ይችላል። ስድስት ስኒ ሳይነካ ዕድሜውን ከሚጨርስ፣ አራቱ ተርፈው ስንት ቡና የተጠጣባቸው ቢሆኑ ይሻላል ባይ ነኝ። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ብዙ ጊዜ ዕቃውን የምትጠብቀው የቤቱ እናት ናት። በዕቁብ ብር፣ ከራሷ ቀንሳ የገዛችው ስለሆነ ብትሳሳለት አይፈረድባትም። ሳታስፈቅዱ አትንኩባት። ይልቁንስ መጀመሪያ ለእሷ ቅዱላት። "እማዬ፣ ዛሬ እንግዳዋ አንቺ ነሽ" በሏት።

3. ቡናውን በወጉ አፍሉ

ቡና ለብቻ አይጥምም ይባላል። እውነት ነው፤ ጎረቤት መጥራት ከቻላችሁ ጥሩ። ማንም ባይኖር ግን ለራሳችሁም ቢሆን በወጉ አፍሉት።

ለሁለት ሰው አንድ እፍኝ ጥሬ ቡና ይበቃል። የምትገዙ ከሆነ የመጣበትን ቦታ ጠይቃችሁ ግዙ። ይርጋጨፌ የአበባና የሎሚ ጠረን ያለው ቀለል ያለ ቡና ነው። ሐረር ከበድ ይላል፤ የበሰለ ፍሬ ቃና አለው። ሩብ ኪሎ ብቻ ገዝታችሁ ሁለቱን ብታነጻጽሩ ለብዙ ሳምንት የሚሆን ደስታ ታገኛላችሁ።

ቡናውን ልቀሙት፣ እጠቡት። ብረት ምጣዱን መካከለኛ እሳት ላይ ጥዳችሁ ሳታቋርጡ ቁሉት። መጀመሪያ እርጥብ ሣር ሣር ይሸታል። ከዚያ የገብስ ቆሎ ሽታ ይመጣል። ቀጥሎ ጣ ጣ እያለ መሰንጠቅ ይጀምራል። ከዚህ በኋላ ዓይናችሁን አትንቀሉ። ቡናማው ጠቆር ብሎ ላዩ ወዛም መሆን ሲጀምር አውርዱት። ካረረ ሁሉም ቡና አንድ ዓይነት ነው፤ የይርጋጨፌም አበባ፣ የሐረርም ፍሬ አብሮ ይቃጠላል። ጭሱ ሳይጠፋ በእጃችሁ ወደ ፊታችሁ ሳብ አድርጉት። ለእንግዳ እናዞረው የለ? ለራስም ይዙር።

ከዚያ ውቀጡት። ሙቀጫ ከሌለ መፍጫም ይሆናል። ውሃው ጀበናው ውስጥ ሲፈላ ቡናውን ጨምሩ። ገንፈል ሲል አውጡና ማቶቱ ላይ ዘንበል አድርጋችሁ አስቀምጡት። አምስት ደቂቃ ያህል ይስከን።

ብዙ ሰው የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው። እኔ ደግሞ ከሁሉም የምወደው ይህቺን አምስት ደቂቃ ነው። የሚቆላ የለ፣ የሚወቀጥ የለ። ቤቱ በቡና ሽታ ተሞልቷል። ዝም ብላችሁ ተቀመጡ። ከዚያ ስኒው ላይ ከፍ አድርጋችሁ በቀጭኑ ቅዱ። ጥቂት ቆሎ ወይም ፈንዲሻ ካለ አቅርቡ። በረካ ላይ መድረስ ባትችሉ እንኳ አቦሉን ጠጥታችሁ አትነሱ፤ ቶናውን ጠብቁ። ጨዋታው የሚደምቀው እዚያ ነው።

ዋሽንግተን ወይም ፍራንክፈርት አፓርታማ ውስጥ የምትኖሩ የጭስ ማንቂያው ሊጮህባችሁ እንደሚችል ታውቃላችሁ። መስኮቱን ከፍታችሁ፣ ከምድጃው በላይ ያለውን ጭስ መሳቢያ አብርታችሁ፣ በትንሽ በትንሹ ቁሉ። በረንዳ ካለና ከተፈቀደ ደግሞ እዚያ ይሻላል።

4. ዕጣኑን አታብዙት

የመተማና የትግራይ ቆላ ያፈራው ዕጣን በዓለም የታወቀ ነው። እኛ ግን አንዳንዴ ቤቱ እስኪጨልም እናጨሰዋለን። ሁለት ሦስት ፍሬ ይበቃል። ፍሙ ቀይ ሆኖ ሳለ ከጨመራችሁት ወዲያው ይቃጠላል። ትንሽ አመድ እስኪለብስ ጠብቁት፤ ያኔ ቀስ ብሎ ይጨሳል፣ ሽታውም ይለሰልሳል።

ከሰል በምትጠቀሙበት ጊዜ መስኮት ክፈቱ። ከከሰል የሚወጣው ጋዝ ሽታ የለውም፤ በተዘጋ ቤት ሰው ይገድላል። ስትጨርሱ ማጨሻውን ወደ ውጭ አውጡት። ፍም ቤት ውስጥ አስቀምጦ መተኛት በፍጹም አይገባም።

5. እግራችሁን ሙቅ ውሃ ውስጥ ክተቱ

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር መነሻዋ ፍልውሃ ነበር። እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው ቤት ያሠሩት እዚያው አቅራቢያ ነው። የእንጦጦን ብርድ ለሚያውቅ ሰው ምክንያቱ ግልጽ ነው። ወንዶ ገነት ወይም ሶደሬ መሄድ ለቻለ እሰየው። ላልቻለ አንድ ሳፋ አለ።

ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ውሃ አሙቁ። ከለብታ ትንሽ ሞቅ ያለ ይሁን፤ የሚያቃጥል አይሁን። ከተገኘ ጥቂት ጨው ጨምሩበት። ሩብ ሰዓት ያህል ቁጭ በሉ። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው እግሩ ሙቀቱን ላይለይ ስለሚችል ውሃውን ሌላ ሰው ይለካለት፤ ብዙም አይቆይበት። ሲያልቅ በደንብ አድርቁ፣ ቅባት ወይም ቫዝሊን ቀቡ፣ ካልሲ አድርጉ። ለደከመ እንግዳ እግር ማጠብ የቆየ ወጋችን ነው። ቀኑን ሙሉ ቆሞ የዋለ ባል፣ ሚስት ወይም አባት ቤት ካለ ውሃውን አሙቃችሁ አቅርቡ።

የዚያን ቀን አንሶላውን ፀሐይ ላይ አስጥታችሁት ከዋላችሁ ሌላ ነገር አያስፈልግም። ጋቢውን ደርቡና ተኙ።

6. ከገዛችሁ ትንሽና ምርጡን

በዱቤ የተገዛ ቅንጦት እረፍት አይሰጥም። ወሩ ሲያልቅ ዕዳው ይመጣል። ስለዚህ አቅም ባለ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ፣ በትንሹ፣ ግን ጥሩውን ግዙ። ለሻይ ቀረፋ፣ ቅርንፉድና ሄል በጥቂቱ መያዝ ብዙ ገንዘብ አያስወጣም። ከአንድ ኪሎ ተራ ማር ይልቅ ሩብ ኪሎ የትግራይ ነጭ ማር ይሻለኛል። ከምታውቁት ሰው ግዙት፤ ስኳር የሚቀላቅል አለ። ማር ቢረጋ ተበላሸ ብላችሁ አትስጉ፤ ብዙ ንጹህ ማር ይረጋል። ብርጭቆውን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አቁሙት፣ ይለሰልሳል። እሳት ላይ ግን አትጣዱት፤ ጠረኑ ይጠፋል። ትኩስ ዳቦ ላይ አድርጋችሁ ብሉት።