በእጅ የተሠራ የገና ስጦታ የሚበላሽባቸው ቦታዎች

ለገና የምሰጠውን ሁሉ እዚሁ ደሴ፣ ቤቴ ውስጥ መሥራት ከጀመርኩ ጥቂት ዓመታት ሆኑኝ። ምክንያቱ ኪሴ ነው፤ ላሳምረው ብልም ሌላ ምክንያት የለኝም። በመጀመሪያው ዓመት ግን የሠራሁት ስጦታ ከሱቅ ዕቃ በላይ አስወጣኝ፣ ግማሹም ተበላሸብኝ። እኔ የከፈልኩበትን እናንተ በነጻ ውሰዱት።

ጾሙን መርሳት

የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል፣ የሚፈታው በገና ነው። ስጦታ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚደርሰው ከበዓሉ በፊት ነው። እኔ ቅቤና እንቁላል ያለበት ብስኩት ጋግሬ በዓሉ አራት ቀን ሲቀረው ለአክስቴ ላክሁላት። አክስቴ ወጥ እየሠራች ጨው እንኳ የማትቀምስ ጿሚ ናት። ብስኩቱ ቁም ሳጥን ላይ ተቀምጦ እሷን እያየ ሰነበተ። በበዓሉ ቀን ሲከፈት ድንጋይ ሆኖ ተገኘ። «እግዜር ይስጥልኝ ልጄ፣ በሻይ እየነከርኩ በላሁት» አለችኝ። ጥርሷ አለመሰበሩን ብቻ አመሰገንኩ።

አሁን ቀድሞ የሚሄደውን ሁሉ በዘይት እሠራዋለሁ። የፍስክ ከሆነ በዕለቱ ራሴ አደርሰዋለሁ፤ ካልሆነም ላዩ ላይ «ለፍስክ» ብዬ እጽፍበታለሁ። ቀኑንም ቁጠሩ። ገና ታኅሣሥ 29 ነው፣ በዘመነ ዮሐንስ ግን 28 ይውላል። በ2016 እንደዚያ ነበር፣ በ2020ም እንደዚያው ነው። «በ29 አደርስላችኋለሁ» ያለ ሰው ያኔ በማግስቱ ነው የሚደርሰው።

ሳይቀዘቅዝ ማሸግ

ከሁሉም በላይ ያቃጠለኝ ይሄ ነው። በርካሽ ብዙ ቤት የሚያዳርስ ስጦታ ቢባል ዳቦ ቆሎን የሚያህል የለም። ለአንድ ኪሎ ዱቄት አንድ የቡና ስኒ ዘይት፣ ሁለት ማንኪያ በርበሬ፣ ጨው፣ የወደደ ትንሽ ስኳር፣ ከዚያ ውሃ በጥቂት በጥቂቱ። ሊጡ ጠንከር ይበል። እንደ ገመድ አንከባላችሁ በመቀስ ሽንብራ አሳክላችሁ ቁረጡት። ልጆች ካሉ መቀሱን ለእነሱ ስጡ። አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ ይሆንባችኋል፣ ግን ሥራው በሳቅ ያልቃል።

ጣጣው እሳቱ ላይ ነው። እሳቱ ከበረታ ውጩ ቶሎ ይቀላል፣ መሀሉ ሊጥ ይቀራል። በዝግታ፣ እያገላበጡ መቁላት ነው። አንዷን አውጥታችሁ እስክትበርድ ጠብቁና ንከሷት። «ቀጭ» ካላለች አልደረሰችም። በትኩስነቷ ከነከሳችኋት ታታልላችኋለች፤ ትኩስ ዳቦ ቆሎ ሁሌም ለስላሳ ነው።

እኔ እሳቱን አሳምሬ ተቆጣጥሬ ነበር። ከምጣድ ሳወርደው ግን መሽቶ ነበርና ለብ እንዳለ ፌስታል ውስጥ ከትቼ ቋጠርኩት። ጠዋት ፌስታሉ ከውስጥ አልቦት ነበር። «ምንም አይል» ብዬ ኮምቦልቻ ለወንድሜ ላክሁት። በሦስተኛው ቀን ደወለ፦ «እህቴ፣ ይሄ አረንጓዴ ነገር ቅመም ነው?»

ስለዚህ ሰፌድ ላይ በትናችሁ አሳድሩት። ጠርሙሱም ከታጠበ በኋላ እስከ ክዳኑ ድረስ ፀሐይ ላይ ይድረቅ። ክዳን ሥር የተደበቀች አንዲት የውሃ ጠብታ ሽሮንም በርበሬንም ታበላሻለች። የማር ጠርሙስ ላይም ቢሆን ውሃ የነካው ማንኪያ አይግባ፤ ማር ውሃ ከገባበት ይቦካል። የበርበሬ ዕቃ የነበረ ፕላስቲክ ደግሞ አሥር ጊዜ ቢታጠብ ሽታውን አይለቅም። ለበርበሬ ብቻ ተዉት።

የደሴን አየር ለኮምቦልቻ መላክ

መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ስትጨርሱ ግን ሌላ አገር ገባችሁ ማለት ነው። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነች፣ ኮምቦልቻ ከ1,900 በታች። እኔ የታኅሣሥ ውርጭ እያንዘፈዘፈኝ ለዚያው ወንድሜ ወፍራም የአንገት ልብስ በክር ሠራሁለት። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። አንድ ቀን አድርጎት አላየሁም። ደሴ ሲመጣ እንኳ ይረሳዋል!

የተነጠረ ቅቤም እንደዚሁ ነው። እዚህ ረግቶ፣ በማንኪያ እየተፋቀ የሚወጣው ቅቤ እዚያ ሲደርስ ይቀልጣል። ሚኒባሱ ጠመዝማዛውን ሲወርድ ደግሞ ክዳኑ ያልጠበቀ ጠርሙስ የሰው ልብስ ላይ ቅቤ ይቀባል። ክዳኑ ሥር ፕላስቲክ ጣል አድርጋችሁ አጥብቁት፣ ከዚያም ቀጥ አድርጋችሁ አስቀምጡት። በሹፌሩ እግር ሥር ካለ ቦታ ይልቅ የሚያውቃችሁ ተሳፋሪ ጭን ይሻላል።

ለሁሉም አንድ ዓይነት

አሥር ጠርሙስ አዋዜ ሠርቶ ለአሥር ሰው ማደል ይቀላል። ግን አዋዜውን በጠጅ ወይም በአረቄ ካሸሁት ለሙስሊም ጎረቤቴ እንዴት እሰጣለሁ? ደሴ ውስጥ የሙስሊም ጎረቤት የሌለው ክርስቲያን ማግኘት ከባድ ነው። ለእነሱ ዳቦ ቆሎ፣ የተፈጨ በርበሬ ወይም ድፎ ዳቦ ነው የሚሆነው። አዋዜው የግድ ከሆነም በውሃ አሽታችሁ ትንሽ ስጡ፤ ብዙ ስለማይቆይ «ቶሎ ብሉት» ብላችሁ ንገሯቸው።

ስኳር ያለባቸው አባት ካሉ ጣፋጩን እርሱት። ገና አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ደግሞ ማር እንዳይሰጠው ለእናቱ ንገሯት። የቤት ማር፣ የጫካ ማር፣ ንጹሕ ማር ብትሉት ለውጥ የለውም፤ ለጨቅላ አደገኛ ነው።

ርካሹን ማስወደድ

ይሄን ባጭሩ። ኮላ፣ ሪባን፣ ብልጭልጭ ወረቀትና አዳዲስ ጠርሙስ ገዝታችሁ ውስጡ ሁለት ማንኪያ ሚጥሚጣ ከጨመራችሁ የሰጣችሁት ጠርሙስ ነው። ከመስከረም ጀምሮ የቤታችሁን ባዶ ጠርሙሶች ሰብስቡ። ከጎረቤትም ለምኑ። ልብስ ሰፊ ጋ የሚወድቅ ቁራጭ ጨርቅ ክዳን ላይ በክር ሲታሰር ከሪባኑ ያምራል። በጥጥ በረዶ መሥራቱንም ተዉት፤ ጠዋት ሜዳው ላይ ያለው ውርጭ ይበቃናል።

በዋዜማው መጀመር

ለወንድሜ ልጅ የገና ዱላ ልሥራ ብዬ በዋዜማው እርጥብ እንጨት ቆረጥኩ። ከበደው። ሲደርቅ ደግሞ ተሰነጠቀ። ጫፉ በተፈጥሮው የጎበጠ ወይራ ካገኛችሁ በጥቅምት ቆርጣችሁ ጥላ ውስጥ አድርቁት። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይባላል፣ ዱላው መሀል ሜዳ ላይ የተሰበረበት ልጅ ግን ይቆጣል። ኪሮሽ የያዛችሁም በኅዳር ጀምሩ። የዋዜማ ማታ መብራት ይጠፋል ብላችሁ አስቡ።

«ይቅርታ፣ ትንሽ ናት»

ይሄን አመል እኔም አልተውኩትም። ሰው ቤት ገብቼ ስጦታዬን ራሴ አጣጥዬ እሰጣለሁ። ተቀባዩም ደንግጦ «ኧረ ምን አደከመሽ» ሲል ሁለታችንም እንተፋፈራለን። ከዚያ ይልቅ ምን እንደሆነና እስከ መቼ እንደሚቆይ ብትነግሩት ይጠቅመዋል።

ባለፈው ገና ለማዶዋ ጎረቤታችን ዳቦ ቆሎ የሰጠሁት በቡና ጠርሙስ ነበር። «ትንሽ ናት» ብዬ፣ ለአክስቴ ያዘጋጀሁትን ወረቀት በስህተት የለጠፍኩበትን ጠርሙስ ሰጥቻት ሄድኩ። ዒድ ሲደርስ ልጇ ይዛው መጣች። እስከ አፉ ተምር ሞልቶበታል፣ ሆዱ ላይ በእኔ ጽሕፈት «ለፍስክ» የሚለው እንዳለ ነው።