ሙድራ እንዴት ይሠራል? እጅን አሳርፎ ልብን ማረጋጋት

ሲጨንቀን እጃችን አርፎ አይቀመጥም። ጥፍር እንነክሳለን፣ ቀለበት እናሽከረክራለን፣ የነጠላ ጫፍ እንቋጥራለን፣ ስልክ አንስተን መልሰን እናስቀምጣለን። ሙድራ እጅንና ጣትን በተወሰነ ቅርጽ በማሳረፍ ለዚህ ለሚቅበዘበዝ እጅ አንድ የተወሰነ ሥራ መስጠት ነው። ቃሉ ሳንስክሪት ከተባለው ጥንታዊ የህንድ ቋንቋ ሲሆን «ማኅተም» ወይም «ምልክት» ማለት ነው። በህንድ ሂንዱዎችና ቡዲስቶች በጸሎትና በተመስጦ ሰዓት ይጠቀሙበታል፤ በቡድሃ ሐውልቶች እጅ ላይም ተቀርጾ ይታያል። ጭፈራውም ያለ እሱ አይሆንም፦ አቢናያ ዳርፓና የተባለው ጥንታዊ የጭፈራ መጽሐፍ በአንድ እጅ ብቻ የሚሠሩ 28 ምልክቶችን ይዘረዝራል።

እጅ ትርጉም መሸከሙ ለእኛም እንግዳ ነገር አይደለም። ኦርቶዶክሱ ሲያማትብ እጁ ከግንባር ወደ ታች፣ ከግራ ወደ ቀኝ የሚሄደው በምክንያት ነው። ሙስሊሙም ዱዓ ሲያደርግ መዳፉን ወደ ላይ ይዘረጋል።

ምን ይሠራል፣ ምን አይሠራም

የጣት ጫፍ ከሰውነታችን እጅግ ንክኪ ከሚሰማቸው ቦታዎች አንዱ ነው። ዋይልደር ፔንፊልድ የተባለው የነርቭ ቀዶ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1937 ከባልደረባው ጋር ባሳተመው ጥናት፣ የትኛው የአንጎል ክፍል የትኛውን የሰውነት ክፍል እንደሚቆጣጠር በካርታ አሳይቷል። በዚያ ካርታ ላይ እጅ ከመላው ጀርባችን በጣም የሚበልጥ ቦታ ይዟል። ስለዚህ ሁለት ጣቶች ቀስ ብለው ሲነካኩ ለሐሳብ ጥሩ ማሰሪያ ይሆናሉ፤ ሐሳብ ሲሄድ መመለሻው እዚያው ጣት ላይ ነው። ከዚህ ጋር ዝግ ያለ ትንፋሽ ሲጨመር የልብ ምት ይረጋጋል። የሙድራ ጥቅም በአብዛኛው ከእነዚህ ከሁለቱ ይመጣል።

በልማዱ መሠረት አውራ ጣት እሳት፣ ሌባ ጣት አየር፣ የመሃል ጣት ጠፈር፣ የቀለበት ጣት መሬት፣ ትንሿ ጣት ውኃ ናቸው። ለማሰላሰል ደስ የሚል ምሳሌ ነው፤ ይሁን እንጂ ከትንሿ ጣት ወደ ኩላሊት የተዘረጋ መስመር የለም። «ይህን ጣት ለስኳር፣ ያንን ለደም ግፊት» የሚሉ ዝርዝሮችን ይለፏቸው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈው ሃታ ዮጋ ፕራዲፒካ የተባለው የዮጋ መጽሐፍ 10 ሙድራዎችን ሲዘረዝር ነገሩ ስለ ጣት አይደለም፤ በመላው ሰውነትና በትንፋሽ የሚሠሩ ናቸው። በተለይ አደገኛ የሆነው የልብ ድካምን በጣት አቀማመጥ ያቆማል የሚለው ወሬ ነው። ደረቱን የሚያመው ሰው መሄድ ያለበት ወደ ሐኪም ቤት ነው።

ዝግጅት

እጅዎን ይታጠቡ፣ ቀለበትና ሰዓት ያውልቁ። ቀለበት ያስቸግራል፤ ስሜትዎ ከጣት ጫፍ ይልቅ ብረቱ ላይ ይቀራል። እጅዎ ከቀዘቀዘ መዳፍ ለመዳፍ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ያፋትጉት፤ የቀዘቀዘ ጣት ንክኪን በደንብ አይለይም። ወንበር ላይ ከሆኑ እግርዎ ሙሉ በሙሉ መሬት ይርገጥ፣ ጀርባዎም መደገፊያውን ለቀቅ ያድርግ። መሬት ላይ መቀመጥ ከመረጡ ጉልበትዎ ከዳሌዎ ዝቅ እስኪል ድረስ ትራስ ወይም የታጠፈ ብርድ ልብስ ከሥርዎ ያድርጉ፤ አለበለዚያ ወገብ ይጎብጥና በሦስተኛው ደቂቃ ሐሳብዎ ሁሉ ወደ ወገብዎ ይሄዳል። የስልኩን ደወል ለ5 ደቂቃ ሞልተው ከእጅ በማይደርስበት ቦታ ያስቀምጡት።

መጀመሪያ የሚለመደው፦ ቺን ሙድራ

1. ሁለቱን እጆች ጭን ላይ ያሳርፉ፤ ጉልበት ጫፍ ላይ አይደለም። እጅ ርቆ ከሄደ ክርን ይዘረጋል፣ ትከሻም ተከትሎ ወደ ፊት ይጎተታል።

2. የአውራ ጣትንና የሌባ ጣትን ጫፍ አገናኝተው ክብ ይሥሩ። ሦስቱ ጣቶች እንደተፈጥሯቸው ይዘርጉ፤ ቀጥ ለማድረግ አይታገሉ።

3. የንክኪውን ኃይል ይለኩ። የሞላ የቡና ሲኒ በጣት ጫፍ ሲያነሱ የሚጠቀሙት ኃይል እንኳ ይበዛል። የደረሰኝ ቁራጭ በሁለቱ ጣቶች መካከል ያስገቡ፦ ካልተነካ መውደቅ የለበትም፣ ሌላ ሰው ሲስበው ግን ሳይቀደድ ሹልክ ብሎ መውጣት አለበት። ሌላው መለኪያ ጥፍር ነው፤ ጫፉ ላይ ደም ሸሽቶ ከነጣ እየተጫኑ ነው ማለት ነው።

4. በአፍንጫ እስከ 4 እየቆጠሩ ያስገቡ፣ እስከ 6 እየቆጠሩ ያስወጡ። አንዱ ዙር 10 ሰከንድ ገደማ ይወስዳል፤ በ5 ደቂቃ 30 ትንፋሽ ይሆናል። ካጠረዎት 3 እና 4 ያድርጉት። ትንፋሹን በግድ መያዝ አያስፈልግም፤ ራስ ካዞረዎት ቆጠራውን ትተው እንደወትሮው ይተንፍሱ።

5. ሐሳብ ሲሄድ አይታገሉት። ጣቶቹ ተላቀው ወይም ተጨናንቀው ያገኟቸዋል፤ ያስተካክሉና ይቀጥሉ።

መዳፍ ወደ ላይ ይሁን ወይስ ወደ ታች? በህንድ የቢሃር የዮጋ ትምህርት ቤት ወደ ላይ ሲሆን ቺን፣ ወደ ታች ሲሆን ግያን ብሎ ይለያቸዋል፤ ሌሎች መምህራን ስሞቹን ያቀላቅሏቸዋል። በስም አይጨነቁ። ሐሳብዎ ሲበታተን መዳፍዎን ወደ ታች፣ ሲከፋዎትና ሰውነትዎ ሲከብድ ወደ ላይ አድርገው ይሞክሩት፤ ልዩነቱን ራስዎ ይለዩታል። በትርጓሜው ሌባ ጣት ግለሰቡን፣ አውራ ጣት ደግሞ ከእሱ የሚበልጠውን መለኮታዊ መንፈስ ይወክላል፤ ሌባ ጣት ጎንበስ ብላ ስትነካው ትሕትና ነው።

ተለማማጁን የሚያጋልጥ ሙድራ

ድያና ሙድራ የተመስጦ ነው። አንዱን እጅ በሌላው ላይ ደርበው፣ መዳፎቹ ወደ ላይ ሆነው፣ ከእምብርት በታች ጭን ላይ ያሳርፏቸው፤ የአውራ ጣቶቹ ጫፎች ይነካኩና እንደ እንቁላል ያለ ቅርጽ ይፈጠር። በህንድ የቡድሃ ሐውልቶች ቀኝ እጅ ከላይ ነው፤ በጃፓን ሶቶ ዜን የተባለው የቡድሂዝም ዘርፍ መነኮሳት ግን ግራውን ከላይ ያደርጋሉ።

ለእኛ ምርጫ ከሙድራዎች ሁሉ ይህ ይበልጣል፤ ምክንያቱም ተለማማጁን ያጋልጠዋል። እንቅልፍ ሲጀማምረው አውራ ጣቶቹ ወደ መዳፍ ይወድቃሉ፣ ቅርጹም ሸለቆ ይሆናል። ውጥረት ሲገባው ይገፋፉና እንደ ተራራ ሾጠጥ ይላሉ። በዜን ትምህርት «ተራራም ሸለቆም አይሁን» የሚባለው ለዚህ ነው። አስተማሪ በሌለበት ቤት ውስጥ ይህ ትልቅ ነገር ነው፦ ዓይንዎን ወደ ታች ጣል አድርገው ጣትዎን ቢያዩ የውስጥዎ ሁኔታ እዚያ ተጽፏል። ከወደቁ ጀርባዎን ያቅኑ፣ ዓይንዎን በግማሽ ይክፈቱ። ከሾጠጡ አንድ ረጅም ትንፋሽ ያስወጡና ክርንዎን ያላሉ። እጆቹ አየር ላይ ከተንጠለጠሉ ትከሻ ይደክማል፤ ከሥራቸው የታጠፈ ፎጣ ያድርጉ።

ሌሎች ሁለት በአጭሩ

አንጃሊ መዳፍ ለመዳፍ ገጥሞ ደረት ላይ ማሳረፍ ነው፤ ህንዶች «ናማስቴ» ሲሉ የሚያደርጉት። መዳፎቹ መሃል ትንሽ ክፍተት ይኑር። ልምምድን ለመክፈትና ለመዝጋት ይመቻል። የእጅ አንጓን ካመመ ክርን ዝቅ፣ እጅ ወደ አገጭ ከፍ ይበል፤ አንጓው የሚታጠፍበት መጠን ይቀንሳል። አብሃያ ደግሞ «አትፍራ» የሚለው ነው፦ ቀኝ እጅ ትከሻ ድረስ ተነስቶ መዳፉ ወደ ፊት ይዞራል። ክንድ ስለሚያደክም ከ1 ደቂቃ አያስበልጡት።

አርፎ መቀመጥ ለማይሆንለት

ቁጭ ሲል የሚብሰው ሰው አለ። ለእሱ ጣትን ማንቀሳቀስ ይሻላል፦ አውራ ጣት በተራ ሌባ ጣትን፣ የመሃል ጣትን፣ የቀለበት ጣትን፣ ትንሿን ጣት ይነካል። ኪርታን ክሪያ በሚባለው ልምምድ «ሳ፣ ታ፣ ና፣ ማ» ከአራቱ ንክኪዎች ጋር ይባላል። ጠቅላላው 12 ደቂቃ ነው፦ 2 ደቂቃ በድምፅ፣ 2 በሹክሹክታ፣ 4 በልብ፣ እንደገና 2 በሹክሹክታ፣ 2 በድምፅ። እግዚኦታን ወይም ተስቢሕን በጣቱ አንጓ እየቆጠረ ላደገ ሰው እጁ ይህን ቶሎ ይይዘዋል። የሚበላሸው በፍጥነት ነው፤ ጣቱ ከቃሉ ሲቀድም ልማድ ብቻ ይሆናል። ያን ጊዜ ቆም ብለው ከሌባ ጣት ይጀምሩ።

ጥንቃቄ

ሙድራ ከሃይማኖት የወጣ ነው፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። የእምነትዎ ነገር ካሳሰበዎት የሳንስክሪቱን ቃላት ትተው እጅንና ትንፋሽን ብቻ ይዘው በራስዎ ጸሎት ይሥሩት፣ ወይም አስቀድመው የንስሐ አባትዎን ወይም የሃይማኖት መምህርዎን ይጠይቁ። ጣት ከደነዘዘ፣ ከወጋ ወይም አንጓ ካቃጠለ ያቁሙ። ዓይን ሲጨፈን ክፉ ትዝታ ወይም ድንጋጤ የሚመጣበት ሰው ዓይኑን ከፍቶ አንድ ነገር እያየ ይሥራ። የታዘዘልዎትን መድኃኒት በዚህ ምክንያት አያቋርጡ። የድብርት ስሜት ለሳምንታት ካልለቀቀም ወደ ሐኪም ይሂዱ፤ ልምምዱን ከሕክምናው ጎን ለጎን መቀጠል ይቻላል።

ለመልመድ አንዱን ብቻ ይምረጡና ለ3 ሳምንት አይቀይሩት። ሰው የሚሰለቸው ስድስት ሰባት ዓይነት በአንድ ቀን ሲሞክር ነው፤ አካሉ የትኛውንም ከመረጋጋት ጋር አያገናኘውም። ሁልጊዜ ከሚያደርጉት ነገር ጋር ይጠምዱት፦ ጠዋት ፊት ከታጠቡ በኋላ ወይም ማታ መብራት ከማጥፋትዎ በፊት። ከሦስት ሳምንት በኋላ ቺንን ከቤት ያውጡት። ታክሲ ውስጥ፣ ወረፋ ላይ፣ ወደ ቢሮ ኃላፊ ከመግባትዎ በፊት አንድ እጅ ይበቃል፤ ከቦርሳ ሥር ወይም ኪስ ውስጥ ሁለቱን ጣቶች ያገናኙና ሦስት ትንፋሽ ይቁጠሩ። ማንም አያይዎትም፤ የሚፈጀውም ግማሽ ደቂቃ ነው።