ገፈርሳ ግድብ ወፍ ለማየት ካሰባችሁ

የካቲት ሳያልቅ ሂዱ። የአውሮፓን ብርድ ሸሽተው የመጡት ዳክዬዎች ገና አልተመለሱም። በበጋው ውሃው ስለሚሸሽ ዳር ዳሩ ጭቃ ይሆናል፤ ባለ ረጃጅም እግሮቹ ወፎች ምግባቸውን የሚለቅሙት እዚያ ነው።

ለእኔ ግን ከሁሉም የሚበልጠው ሰማያዊ ክንፍ ዝይ ነው። ከኢትዮጵያ ደጋ ውጪ የትም አይኖርም። ብዙ ሰው ዝይ ነው ብሎ ውሃው መሀል ይፈልገዋል። እሱ መዋኘት ቢችልም እምብዛም አይዋኝም። ይልቅ ከብት የሚግጥበትን አጭር ሣር ቀስ ብላችሁ ቃኙ። አንገቱን ወደ ኋላ ቀልብሶ ጀርባው ላይ ስለሚያሳርፍ ከሩቅ ድንጋይ ይመስላል፤ ዓይን በቀላሉ ያልፈዋል። ሰማያዊው ቀለም ቦግ ብሎ የሚታየው ሲበር ነው። ለዚያ ብላችሁ ግን እባካችሁ አታስደንግጡት፤ ቁጥሩ እየቀነሰ ያለ ወፍ ነው።

ጠዋት ከውሃው በስተምሥራቅ ቁሙ፣ ፀሐይዋ ከጀርባችሁ ትሁን። 8 በ42 የሆነ (ስምንት እጥፍ የሚያቀርብ፣ የፊት መስታወቱ 42 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው) ባይኖኩላር ይበቃል። ወፍራም ጃኬት ያዙ፣ የደጋ ጠዋት ብርዱ አይቻልም። ግድቡ የአዲስ አበባ የመጠጥ ውሃ ስለሆነ ከመግባታችሁ በፊት ጥበቃዎቹን አስፈቅዱ።