ልጁ ከማደሪያው ሲጠፋ የምንሠራቸው ስህተቶች

«ለንደን ዘመድ አለው መሰለኝ፣ እዚያ ሄዶ ይሆናል።» እንግሊዝ አገር ብቻውን የመጣ ስደተኛ ልጅ ሲጠፋ ከእኛ ሰው አፍ ቀድሞ የሚወጣው ይኼ ነው። አስተርጓሚ ሆኜ ስሠራ እኔም ብዬዋለሁ። በጃንዋሪ 2023 የእንግሊዝ የኢሚግሬሽን ሚኒስትር ለፓርላማ ሲናገሩ፣ ሆም ኦፊስ (የአገሪቱ የአገር ውስጥ ጉዳይ መሥሪያ ቤት) ከጁላይ 2021 ጀምሮ በየሆቴሉ ካሳረፋቸው 4,600 ልጆች መካከል 200 የሚሆኑት ጠፍተው እንዳልተገኙ ገልጸው ነበር። አብዛኞቹ አልባኒያውያን ነበሩ። ቢሆንም «ዘመድ ጋ ነው» የሚለው ግምት ለማንም ልጅ አይበጅም።

24 ሰዓት ካልሞላ ፖሊስ አይቀበልም የሚባለውም ውሸት ነው። ወዲያው ደውሉ፤ አደጋ ካለ 999፣ ከሌለ 101።

የልደት ቀኑን እንደነገራችሁ አትጻፉት። ልጁ «ጥር 2000» ሲል በእኛ አቆጣጠር ነው፤ በፈረንጁ 2008 መጀመሪያ ማለት ነው። ሳይቀየር ከተመዘገበ በ2023 የ15 ዓመቱ ልጅ የ23 ዓመት ጎልማሳ ይሆናል። ከአዋቂዎች ጋር ያድራል፣ ቢጠፋም እንደ ልጅ የሚፈልገው የለም። ስሙንም እንዲሁ፤ ፈረንጅ የአባቱን ስም «የቤተሰብ ስም» ብሎ ያስቀድመዋል፣ ፖሊስ አባቱን ሲፈልግ ይውላል።

በጣም የሚቆጨኝ ግን ዕዳውን አለመጠየቅ ነው። አንድ ልጅ ስልኩ በጠራ ቁጥር ኮሪደር ወጥቶ፣ አፉን በመዳፉ ከልሎ፣ «እሺ ጋሼ… እሺ… እከፍላለሁ» ይል ነበር። አጎቱ መስሎኝ ዝም አልኩ። ሊቢያ ላይ የተከፈለለትን ገንዘብ የሚያስመልስ ደላላ እንደሆነ የገባኝ ልጁ ከሄደ በኋላ ነው። «ምስጢሩ ነው» ብሎ ጉዳዩን ከሚከታተለው ሶሻል ወርከር (ማኅበራዊ ሠራተኛ) መደበቅ እዚህ ላይ ደግነት አይደለም።

ፎቶውን ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ ለመለጠፍ አትቸኩሉ። ከእናንተ ጋር አብሮ የሚያየው ያ ጋሼ ነው፤ ለፖሊስ ስጡት።

ተመልሶ ከመጣ ደግሞ «የት ነበርክ?» ብሎ መጮህ ቀጣዩን ጉዞ ማፋጠን ነው። በእንግሊዝ መመሪያ መሠረት በ72 ሰዓት ውስጥ ከማደሪያው ጋር ንክኪ የሌለው ሰው እንዲያነጋግረው ካውንስሉ (የአካባቢው አስተዳደር) ማመቻቸት አለበት፤ ጠይቁለት። እስከዚያ ምግብ አቅርቡለት፣ ስልኩ ሲጠራም አይታችሁ እንዳላየ አትሁኑ።