ጠበቃዎን ለመክሰስ ይርጋው (የክስ ማቅረቢያ ጊዜ ገደቡ) ከየትኛው ቀን ይቆጠራል?

ልደታ ፍርድ ቤት ደጃፍ ፋይላቸውን ታቅፈው ከሚቆሙ ሰዎች አንድ ጥያቄ ደጋግሜ እሰማለሁ። «ጠበቃዬ ጉዳዬን አበላሸብኝ፤ አሁን ብከሰው ጊዜው አልፎብኛል?» በጊዜ ቢጠይቁ ኖሮ እያልኩ አዝናለሁ።

መጀመሪያ የጥብቅና ውሉን ያውጡ። የተስማሙት በቃል ከሆነ የከፈሉበትን ደረሰኝና የውክልናውን ኮፒ ይፈልጉ። ክሱ ከውል የመነጨ ከሆነ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1845 መሠረት ይርጋው 10 ዓመት ነው። ከጠበቃው ጋር ውል ሳይኖርዎት በእሱ ጥፋት ከተጎዱ ግን ቁጥር 2143 የሚሰጥዎ 2 ዓመት ብቻ ነው።

ቀጥሎ ቀኑን ያግኙ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፤ ነገሩን ከሰማበት ቀን ይቆጥራል። ሕጉ የሚቆጥረው ግን በውል ሲሆን መብትዎን መጠየቅ ከቻሉበት ቀን (ቁጥር 1846)፣ ከውል ውጭ ሲሆን ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ ነው። ለምሳሌ ተፈረደብዎት እንበል። ጠበቃዎ «ይግባኝ እጠይቃለሁ» ብሎ ገንዘብ ተቀበለ። የይግባኝ ማቅረቢያው 60 ቀን ነው። ሳያቀርብ አለፈ። እርስዎ የሰሙት ከ8 ወር በኋላ ነው። እነዚያ 8 ወራት ተቆጥረውብዎታል ብለው ያስሉ። ከሥራ ተባርሮ «ወደ ሥራዬ ልመለስ» ለሚል ሠራተኛ ደግሞ ጊዜው 3 ወር ብቻ ስለሆነ ጉዳቱ ቶሎ ይደርሳል። ስለዚህ የጠበቃውን ቃል ትተው ከመዝገብ ቤት የፍርዱን ግልባጭ ያውጡ፤ ቀኑን ከዚያ ላይ ያስሉ።

ሽማግሌ መላክ፣ ስልክ መደወል፣ የዲሲፕሊን አቤቱታ ማስገባት ቆጠራውን ያቆማል ብለው አይመኑ። በቁጥር 1851 ይርጋን የሚያቋርጠው ባለዕዳው፣ እዚህ ጠበቃው፣ ዕዳውን ማመኑ ወይም እርስዎ ክስ መመሥረትዎ ነው። «ካሳ እከፍልሃለሁ፣ ታገሰኝ» ካለዎት በጽሑፍ ያስፈርሙት። በጽሑፍ ካመነ አዲስ 10 ዓመት ይጀምራል (ቁጥር 1852)።

ዳኛው በራሱ ይርጋ አያነሳም። ተከሳሹ ግን ሕግ አዋቂ ነው፤ ወደ ዋናው ክርክር ከመገባቱ በፊት በሚያቀርበው የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ ላይ ያነሳዋል። ክሱ የውል ነው ወይስ ከውል ውጭ የሚለውም ራሱ ሊያከራክር ይችላል። እኔ ብሆን 10 ዓመት አለኝ ብዬ አልቀመጥም። 2ኛው ዓመት ሳይሞላ ሌላ ጠበቃ ይዤ መዝገብ አስከፍታለሁ።