ቪፒኤኑ ሲቆራረጥ ከየት ልጀምር?

የሁለት ቢሮ ሰርቨሮችን በኢንተርኔት ላይ በተመሰጠረ መስመር የሚያገናኝ ቪፒኤን ሲቆራረጥ እጃችን ቶሎ የሚሄደው ወደ ሪስታርት ነው። እባካችሁ ትንሽ ታገሱ። ሪስታርት ምክንያቱን አብሮ ያጠፋዋል። እኔ አዲስ አበባ ያለውን ዋና ቢሮና የአዳማውን ቅርንጫፍ በዋየርጋርድ (የቪፒኤን ፕሮግራም ነው) አገናኝቼ የምከታተል ነኝ፤ የምሄድበት ቅደም ተከተል ይኸው።

ሁለት መስኮት ክፈቱ። በአንዱ የቅርንጫፉን የውጭ አይፒ (የኢንተርኔት አድራሻውን)፣ በሌላው የቪፒኤኑን የውስጥ አይፒ ያለማቋረጥ ፒንግ አድርጉ፤ ማለትም ትንሽ መልእክት እየላካችሁ መልስ መምጣቱን እዩ። ሁለቱም እኩል ከጠፉ ችግሩ የኢንተርኔት መስመሩ ነው፤ ሰዓቱን መዝግባችሁ ለአቅራቢው ደውሉ። የውጩ እየሰራ የውስጡ ብቻ ከቆመ ግን ሥራው የናንተ ነው።

ከሁሉም በላይ ሰው የሚያደክመው ፒንጉ እየሄደ ፋይል ሲቆም ነው። የሒሳብ ሠራተኛዋ የሒሳብ ፕሮግራሙን ፒችትሪን ትከፍታለች፣ ሪፖርት ስታዝ ይደርቃል። ይሄ ሁሌም ለማለት ይቻላል ኤምቲዩ (በመስመሩ የሚያልፈው የትልቁ ፓኬት መጠን) ነው፦ ከዚያ የሚበልጠው ፓኬት መንገድ ላይ ይቀራል። ከቪፒኤኑ ውጭ፣ ፓኬቱ እንዳይከፋፈል አዛችሁ፣ ከ1472 ባይት ጀምሮ እየቀነሳችሁ ፒንግ አድርጉ። ያለፈው ትልቁ ቁጥር ላይ 28 ደምሩ (የፒንጉ ፓኬት ራስጌ ነው)፣ ከዚያ 80 ቀንሱ (ዋየርጋርድ በፓኬቱ ላይ ቢበዛ የሚጨምረው ነው)። 1464 ካለፈ 1492 ይሆናል፤ የቪፒኤኑ ኤምቲዩ 1412 ነው ማለት ነው። በሁለቱም ሰርቨር ላይ አስገቡት።

ቪፒኤኑ ሥራ ሲቀዘቅዝ የሚሞት ከሆነ ራውተሩ ግንኙነቱን ረስቶታል። ከራውተር ጀርባ ያለው ሰርቨር ላይ ኪፕአላይቭን (ግንኙነቱ እንዳይረሳ በየጊዜው የሚላከውን ትንሽ ፓኬት) 25 ሰከንድ አድርጉ። የውጭ አይፒያችሁ የሚቀያየር ከሆነም ዋየርጋርድ የዶሜይን ስሙን አይፒ የሚፈልገው ሲነሳ ብቻ መሆኑን አስቡ፤ በየጊዜው የሚያድስለት ስክሪፕት ያስፈልጋል።

መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ብቻ እምቢ ካለስ? ሰዓቱን እዩ። የማዘርቦርዱ ባትሪ ካለቀ ሰርቨሩ ሲነሳ ሰዓቱ ወደ ኋላ ይመለሳል። ዋየርጋርድ ደግሞ ቀድሞ ካየው ያነሰ ሰዓት የያዘ ሃንድሼክ (ግንኙነቱን የሚከፍተውን መልእክት) አይቀበልም። በወዲያኛው ቢሮ ሪስታርት ስታደርጉ ይሠራል፣ ምክንያቱም የመዘገበው ሰዓት ይጠፋል፤ እስከሚቀጥለው መብራት መጥፋት ድረስ። ሲአር2032 ባትሪ ቀይሩ። ሰዓት የሚያስተካክለው ሰርቪስም በቪፒኤኑ ውስጥ ሳይሆን በቀጥታ በኢንተርኔቱ እንዲወጣ አድርጉ፤ አለበለዚያ ሰዓቱ ቪፒኤኑን፣ ቪፒኤኑ ሰዓቱን ሲጠብቁ ይውላሉ።